ሰፊ ጎማ የተገጠመለት አሮጌ ስፖርት መኪና ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ከሃምሳ ዓመት በፊት በተሠራ አነስተኛ ስፖርት መኪና ላይ ሰፋ ያለ ቸርኬና ጎማ መግጠም ብዙ ባለቤት የሚመኘው ነገር ነው። ከተገጠመ በኋላ ግን ጎማው ላሜራ መፋቅ፣ መሪው መክበድ ወይም መኪናው በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ባለቤቱ ከጎሚስታ ወደ መካኒክ፣ ከመካኒክ ወደ ጎሚስታ ይመላለሳል። ምልክቶቹ ሁሉ ከጎማው ስፋት የመጡ ይመስላሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ግን ስፋቱን ተከትሎ ሳይታሰብ በተለወጠ ሌላ ልክ ላይ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ የምነዳት ፊያት 124 ስፓይደር ነች። ይህ ሞዴል በ1966 እ.ኤ.አ. በቱሪን የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ይገጠምለት የነበረው 5 ኢንች ስፋት ያለው ዲያሜትሩ 13 ኢንች የሆነ ቸርኬና 165 (ስፋቱ በሚሊ ሜትር) ጎማ ነው። የእኔን የቀድሞው ባለቤት 6 ኢንች ቸርኬ አስገጥሞላት ስለነበር፣ ከዚህ በታች የምገልጻቸውን ችግሮች አብዛኞቹን በእጄ ነክቼ አውቃቸዋለሁ።

መሪ ሲታጠፍ ወይም ጉድጓድ ሲገባ ጎማው ይፋቃል

በቅድሚያ መፈለግ ያለበት የተፋቀው ቦታ ነው። ከዝናብ በኋላ የፓራፋንጎውን ውስጥ በባትሪ ብርሃን ሲያዩት ሌላው ሁሉ ጭቃ ለብሶ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ብቻ ተወልውሎ ካበራ፣ በጎማው ትከሻ ላይም ጥቁር የላስቲክ ፍርፋሪ ከተገኘ፣ የሚነካው እዚያ ነው። በበጋ ደግሞ የጎማውን ጎንና ትከሻ በጠመኔ ቀብቶ፣ ሁለት ሰው አሳፍሮ፣ አንዱን ጎማ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አውጥቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር ነው፤ ጠመኔው የተጠረገበት ጎን መንስኤውን ያሳያል።

ጎማው በውጭ በኩል የሚነካ ከሆነ ቸርኬው ከሚገባው በላይ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ በውስጥ በኩል ሞላውን ወይም የመሪ ክንዱን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ከሚገባው በላይ ገብቷል ማለት ነው። ይህን የሚወስነው ብዙ ገዢ የማይጠይቀው «ኦፍሴት» የሚባለው ልክ ሲሆን፣ ከቸርኬው ስፋት መሐል መስመር ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሐል ክፍል) ላይ እስከሚያርፈው ፊት ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ይገልጻል። በብዙ ቸርኬዎች ላይ «ኢ.ቲ» ከሚለው ምልክት ጋር ታትሞ ይገኛል። ኦፍሴቱ ሳይለወጥ ከ5 ወደ 6 ኢንች ቢኬድ በውስጥም በውጭም 12.7 ሚሊ ሜትር ይጨመራል። ኦፍሴቱ በተጨማሪ ከ30 ወደ 20 ቢወርድ ግን ውጫዊው ጠርዝ 22.7 ሚሊ ሜትር ሲወጣ ውስጣዊው የሚገባው 2.7 ብቻ ነው። አንድ ኢንች የተባለው ጭማሪ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ፓራፋንጎው ሄደ ማለት ነው።

ለውጭው ንክኪ መፍትሄው ኦፍሴቱ ከፍ ያለ ቸርኬ መፈለግ ወይም ጎማውን አንድ ደረጃ ማጥበብ ነው። የፓራፋንጎውን ከንፈር በመዶሻ ወደ ላይ ማጠፍ የተለመደ ቢሆንም፣ በዚህ ዕድሜ ላይ ባለ መኪና ከቀለሙ ሥር ስቱኮና ዝገት ስለሚኖር ላሜራው ይሰነጠቃል፤ እኔ አልመክረውም። ለውስጡ ንክኪ በቸርኬውና በሞዞው መካከል የሚገባ ስስ ዝርግ ብረት፣ ስፔሰር የሚባለው፣ ሊበቃ ይችላል፤ ሆኖም ፊያት ቸርኬውን የሚያስረው በዳዶ ሳይሆን በብሎን ስለሆነ ስፔሰሩ የብሎኑን ርዝመት ይበላል። ስለዚህ ብሎኑ ያለ ስፔሰር ስንት ዙር ዞሮ እንደሚጠብቅ ይቆጠርና፣ ከስፔሰሩ ጋር ያንኑ ያህል ካልዞረ ረዘም ያለ ብሎን ይፈለጋል።

ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ቢደረግም አይሻለውም

ከሁሉም ምልክቶች ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው ይህ ነው። የፊያቱ አራት ብሎኖች የሚያርፉበት ክብ ዲያሜትር 98 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በገበያው በብዛት የሚገኘው የትናንሽ ቶዮታዎች ቸርኬ 100 ሚሊ ሜትር ነው። የመሐል ቀዳዳውም ለፊያቱ 58.1፣ ለቶዮታው 54.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቸርኬው ሞዞው ላይ አይገባም፤ በዚህ ጊዜ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ቀዳዳው ይሰፋና «ገጠመ» ይባላል። ብሎኖቹ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊ ሜትር ስለሚስቱ ተንጋደው ይገባሉ፣ ሾጣጣው ራሳቸው በአንድ ጎን ብቻ ያርፋል፣ በጉዞም ይላላሉ። የእኔን ስፈታቸው ሦስቱ ብሎኖች ራሳቸው ላይ በግማሽ ክብ ብቻ የሚያበራ ጭረት ነበረባቸው፤ ግማሹ ቸርኬውን ነክቶት አያውቅም ነበር።

መፍትሄው በትክክል 98 የሆነ ቸርኬ ነው። ለሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ተብለው የሚሠሩ ተንቀሳቃሽ ሾጣጣ ያላቸው ብሎኖች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የሚሠሩት የቸርኬው መሐል ቀዳዳ ሞዞውን ያለ ክፍተት ሲይዝ ብቻ ነው። ቀዳዳው ከሞዞው ሰፍቶ ከሆነ ልኩን የጠበቀ የመሐል ቀለበት ይገባበታል።

መሪው ይከብዳል፣ መኪናውም የመንገዱን ቦይ ይከተላል

ይህች መኪና የመሪ አጋዥ የላትም። በአባይ በረሃ ከባድ መኪኖች እየደፈጠጡ ቦይ ያወጡበት አስፋልት ላይ ሰፊ ጎማ የቦዩን ጠርዝ ይይዝና መሪውን ከእጅ ይነጥቃል፤ ኦፍሴቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ጎማው መሬት የሚረግጥበት ቦታ ከመሪው መዞሪያ ዘንግ ስለሚርቅ ትግሉ ይብሳል፣ የፊት ኩሽኔታም ቶሎ ይበላል። ንፋስና አላይመንት ከታዩ በኋላ ችግሩ ከቀጠለ ወደ 175 ወይም 185 ጎማና ወደ ቀድሞው ኦፍሴት መመለስ ነው። በክረምት ደግሞ ሰፊ ጎማ ክብደቱን በሰፊ ቦታ ስለሚበትነው፣ በተለይ ጥርሱ ካለቀ፣ በውኃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል።

ንፋሱ ልክ ሆኖ ሳለ የጎማው መሐል ወይም ጎን ይበላል

ቸርኬው ለጎማው ሲጠብ የጎማው ጎኖች ወደ ውስጥ ይሳቡና መሐሉ ያብጣል፤ 205/60 ጎማ (ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 60 በመቶ) በ5 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚያደርገው ይህንን ነው፣ ቢያንስ 5.5 ይፈልጋልና። 185/70 ግን ከ4.5 እስከ 6 ኢንች ድረስ በደህና ይቀመጣል። በተቃራኒው ጠባብ ጎማ በሰፊ ቸርኬ ላይ ሲወጠር የቸርኬው ከንፈር ከጎማው አልፎ ይወጣና ኮብልስቶን ላይ የመጀመሪያውን ምት የሚቀበለው እሱ ይሆናል።

ፍጥነት መለኪያው ይዋሻል፣ ቸርኬውም ቶሎ ይጎብጣል

የመጀመሪያው 165 ጎማ ቁመቱ 594 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 185/70 አር 13 (ከ«አር» ቀጥሎ ያለው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው) ቁመቱ 589፣ 185/65 አር 14 ደግሞ 596 ስለሚሆኑ ልዩነታቸው አንድ በመቶ አይሞላም። 195/50 አር 15 ግን 576 ስለሆነ መለኪያው 100 ሲል መኪናው የሚሄደው 97 ነው። ከዚያ የሚከፋው የጎማው ጎን ከ132 ወደ 98 ሚሊ ሜትር መውረዱ ነው፤ ጉድጓድ ሲገኝ ምቱን የሚበላው ጎማ ሳይሆን ቸርኬው ይሆናልና። በእኛ መንገድ ለዚህች መኪና እኔ የመረጥኩት 185/70ን በ5.5 ኢንች ቸርኬ ላይ ነው።

ጎማው ሲገዛ በጎኑ ያሉት፣ የተሠራበትን ጊዜ የሚገልጹት አራት ቁጥሮች ይነበቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ። ዘመኑ የፈረንጆች ነው፤ «2317» ያለውን ጎማ በ2017 ዓ.ም. የተሠራ አዲስ አድርጎ የሚገዛ ሰው በ2009 ዓ.ም. የተሠራ፣ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ ይዞ ይመለሳል።

አዲስ ቸርኬ ከታሰረ በኋላም ብሎኖቹ ጥቂት ይላላሉ። ከደብረ ማርቆስ የተነሣ ሰው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደጀን ሲደርስ፣ ወደ በረሃው ከመውረዱ በፊት ቆሞ እያንዳንዱን ብሎን በድጋሚ ያጥብቅ።