ማሸጊያን መጨረሻ ላይ ማሰብና ሌሎች የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ብዙ ድርጅቶች ስለ ማሸጊያ ማሰብ የሚጀምሩት ምርቱ አልቆ፣ ዋጋው ተቆርጦ፣ ገበያ የሚወጣበት ቀን ከተወሰነ በኋላ ነው። ያኔ የሚቀረው ጥያቄ የቀለምና የሥዕል ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

ምርቱን ምን እንደሚያበላሸው ሳይለዩ ማሸግ

እርጥበት ነው? አየር? ብርሃን? ወይስ ግጭት? የምግብ ዘይትን ብርሃንና አየር ያበላሹታል፤ ሆኖም ቀለሙ እንዲታይ ብለው ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ የሚሞሉ ጥቂት አይደሉም። ካርቶንም ቢሆን እርጥበት ያለበት መጋዘን ሲገባ ጥንካሬው ይቀንሳል። ከላይ የሚጫነውን ክብደት በዋናነት የሚሸከሙት ማዕዘኖቹ ናቸው። ክምሩ እንዳይንሸራተት ተብሎ እንደ ጡብ አፈራርቆ ሲደረደር ማዕዘኖቹ አይገናኙም፤ የታችኞቹም ቶሎ ይጨፈለቃሉ። ማዕዘን በማዕዘን ላይ ገጥሞ መደርደር ይሻላል።

ለትንሽ ዕቃ ትልቅ ካርቶን

የአየር ጭነት አመላላሾች የሚያስከፍሉት በክብደት ብቻ አይደለም። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመትን በሴንቲሜትር አባዝተው በብዛት ለ5,000 ያካፍላሉ፤ ውጤቱ ከሚዛኑ ከበለጠ ሒሳቡ በእሱ ይሆናል። 40 በ30 በ30 የሆነ ካርቶን ውስጡ 2 ኪሎ ዕቃ ቢኖርም የ7.2 ኪሎ ያስከፍላል ማለት ነው። ሕግም እየጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸናው የአውሮፓ ኅብረት የማሸጊያ ደንብ ለማጓጓዣና ለኦንላይን ሽያጭ በሚውል ማሸጊያ ውስጥ ባዶ ቦታው ከ2030 ገደማ ጀምሮ ከ50 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ክፍተቱን በወረቀት ወይም በአየር ከረጢት መሙላትም አያድንም፤ ደንቡ እሱንም እንደ ባዶ ቦታ ይቆጥረዋል።

ለአካባቢ ተስማሚ የሚመስለውን መግዛት

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም በቅን ልቦና የሚሠራ ስህተት ነው። ወረቀት መስሎ ከውስጡ በፕላስቲክ የተለበጠ ከረጢት ንብርብሮቹን መለየት ስለሚያስቸግር እንደ ተራ ወረቀት መልሶ ጥቅም ላይ አይውልም። ከዕፅዋት የተሠራው ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ደግሞ እንዲበሰብስ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሞቅ የኢንዱስትሪ ማብላያ ይፈልጋል፤ ሜዳ ላይ ቢጣል ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በካርቦን የጠቆረ ፕላስቲክን የመለያ ማሽኖች የኢንፍራሬድ ጨረር ማየት ስለማይችል ከቆሻሻ ጋር ይወገዳል። ከሁሉ የሚሻለው ከአንድ ዓይነት ቁስ ብቻ የተሠራ ማሸጊያ ነው። "አረንጓዴ" የሚል ጽሑፍ ከማሳተምዎ በፊት ደንበኞችዎ ባሉበት ቦታ ያንን ቁስ የሚቀበል መኖሩን ያጣሩ።

ደንበኛ የለመደውን መልክ ድንገት መቀየር

ትሮፒካና እ.ኤ.አ. በ2009 ብርቱካንና ስትሮ የሚታይበትን የጭማቂ ካርቶኑን ትቶ አዲስ ንድፍ አወጣ። ሰዎች የሚያውቁትን ከመደርደሪያው አጡት። ሽያጩ በሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ 20 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ኩባንያውም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ማደስ ካስፈለገ የሚለዩበትን አንድ ምልክት ሳይነኩ ሌላውን ደረጃ በደረጃ ይቀይሩ።

ባርኮድን እንደ ጌጥ መቁጠር

የባርኮድ ማንበቢያዎች በብዛት ቀይ ብርሃን ስለሚጠቀሙ ቀይ መስመሮችን አያዩም። በነጭ ላይ ጥቁር ያድርጉት፤ ግራና ቀኙን ባዶ ይተዉ። የ13 አኃዙ ባርኮድ መደበኛ መጠን 37.29 በ25.93 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚህ 80 በመቶ በታች አያሳንሱት።

ሳይሞክሩ ብዙ ማሳተም

በስክሪን ላይ ያማረ ቀለም ወረቀት ላይ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ስለዚህ ከማተሚያ ቤቱ የታተመ ናሙና ይጠይቁ። ከዚያ ዕቃውን አሽገው ከከፍታ በመጣል ጥንካሬውን ይፈትሹ። በማጓጓዣ ፍተሻ የተለመደው 10 ጊዜ ነው፦ በአንድ ማዕዘን፣ በ3 ጠርዞችና በ6ቱም ገጾች። የተረፈውን እሽግ ምርቱን ለማያውቅ፣ በተለይ ለአዛውንት ሰው ይስጡና ያለ መቀስ መክፈት ይችሉ እንደሆነ፣ የአጠቃቀም መመሪያውም ይነበባቸው እንደሆነ ይመልከቱ።