የለጠፋችሁት ካርቦን ሲላቀቅ፦ ለተሰነጠቀ ብረት ችግርና መፍትሄ

የማወራው የተሰነጠቀ ብረት ላይ በኤፖክሲ፣ ማለትም ከሁለት ቆርቆሮ ተደባልቆ በሚደርቅ ማጣበቂያ፣ ስለሚለጠፍ የካርቦን ፕሌት ነው፤ ፕሌቱ ከካርቦን ክር (ፋይበር) የተሠራ ስስ ጠፍጣፋ ነው። የጥገናውን ስሌት የሠራ መሐንዲስ እንዳላችሁ፣ ኤፖክሲው ጊዜው እንዳላለፈበትና የሁለቱን ቆርቆሮ ምጣኔ መለካት እንደምትችሉ ቆጥሬ ነው የምጀምረው። እሱን ካላረጋገጣችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

ብረት በድካም የሚሰነጠቀው አንድ ቀን ጭነት ከብዶት አይደለም። መጠነኛ ጭነት መቶ ሺህ፣ ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት ነው። "በይደነው እንገላገል" የሚል ሰው አይጠፋም። ብየዳ ግን ራሱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። በ1980 በሰሜን ባሕር የተገለበጠው አሌክሳንደር ኪላንድ የተባለው ተንሳፋፊ መድረክ 123 ሰው ሲገድል፣ ስንጥቁ የተነሳው አንዲት ትንሽ መሣሪያ ከተያዘችበት 6 ሚሊሜትር ብየዳ ነበር። የካርቦን ፕሌት መለጠፍ የተወደደው ለዚህ ነው። ብረቱን ለብሎን አይበሳም፣ አያቃጥልም፣ ክብደት አይጨምርም ማለት ይቻላል። ሥራው ስንጥቁ በየዙሩ አፉን እንዳይከፍት አቅፎ መያዝ ነው። በስንጥቁ ጫፍ ላይ የሚመላለሰው ውጥረት በግማሽ ከቀነሰ፣ ስንጥቁ የሚያድግበት ፍጥነት ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ፕሌቱ ከተጣበቀ ነው።

ምልክት፦ ፕሌቱ ወልቋል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ባዶውን ነው

ከአሥር ጥሪ ሰባት ስምንቱ ይኸው ነው። ስደርስ ሁሌም አንድ ዓይነት ወሬ ይጠብቀኛል፦ "ኤፖክሲው የማይረባ ነው።" ቆይ፣ ከመሳደባችሁ በፊት ፕሌቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ።

ኤፖክሲው ግማሹ ብረቱ ላይ፣ ግማሹ ፕሌቱ ላይ ከቀረ ማጣበቂያው ራሱ መሃሉ ላይ ተቀዷል። ጭነቱ ወይም አለጣጠፉ ይመረመር። ብረቱ ላይ በቀረው ኤፖክሲ ላይ ጥቁር የካርቦን ክር ካለ ፕሌቱ ራሱ ተሰንጥቋል። ኤፖክሲው በሙሉ ከፕሌቱ ጋር ሄዶ ብረቱ ባዶውን ከቀረ ግን ኤፖክሲው ምንም አላጠፋም። ብረቱ አልተዘጋጀም። አለቀ።

መንስኤው ብዙ መልክ አለው። በጣም የተለመደው የሽቦ ብሩሽ ነው። ብሩሽ በግራይንደር ላይ ሲሽከረከር ብረቱን ያብረቀርቀዋል እንጂ አያሻክረውም። ዓይን ያታልላል። አንዱ የክሬን መሄጃ ቢም (ጭነት የሚሸከም አግዳሚ ብረት) ላይ የሠራ ቡድን "እንደ መስታወት አድርገነዋል" ብሎ ፎቶ አሳየኝ። መስታወት ላይ ማን ይለጥፋል? ኤፖክሲ የሚፈልገው ግራጫ፣ ደብዛዛ፣ በጥፍር ሲነኩት የሚይዝ ገጽ ነው። እሱን የሚሰጠው ሳንድብላስት ነው፤ በኮምፕሬሰር አየር ሻካራ ብናኝ ብረቱ ላይ መርጨት ማለት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ግን ሳንድብላስት በትክክል ከተሠራበት ቦታ ነው። ስድስት ፕሌት በሦስት ሳምንት ውስጥ ረግፎ ጠበቀኝ። ብረቱ ሻካራ ነው፣ አንዲት የዝገት ነጥብ የለበትም። ኤፖክሲው ላይ ተፈርዶበት ሌላ ዓይነት ታዘዘ። እሱም ረገፈ። ነጭ ጨርቅ ከኮምፕሬሰሩ ቱቦ አፍ ፊት ለአንድ ደቂቃ ያዝኩ። መሃሉ ላይ ቢጫ ክብ ወጣ። ዘይት! ብረቱን የሚያጸዳው አየር ራሱ በየሰከንዱ ዘይት ሲቀባው ከርሟል። ማጣሪያው መቼ እንደተቀየረ ብጠይቅ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነጭ ጨርቅ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

ሦስተኛው እኔኑ የሸወደኝ ነው። የተላቀቀው በስንጥቁ መስመር ላይ ብቻ ነበር፣ ግራና ቀኙ በመዶሻ እንኳ አይነቃነቅም። የፕሌቱን ጀርባ ሳይ ቀጭን ቀይ መስመር አየሁ። ስንጥቁን ለማየት የረጨነው ቀይ ቀለም ነው። ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ሥራውም ይኸው ነው። እኛ ላዩን ጠርገን ለጠፍን፤ እሱ ደግሞ ከውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ። አሁን ከምርመራው በኋላ በአሴቶን አጥባለሁ፣ አሴቶኑ ተንኖ ካለቀ በኋላ ብረቱን በመጠኑ አሙቄ የቀረውን አስወጣለሁ፣ ደግሜ አጥባለሁ። አሴቶን ባለበት እሳት አታስጠጉ። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፣ ግን አይቻለሁ።

መፍትሄው ቅደም ተከተሉን አለመዝለል ነው። መጀመሪያ ቅባቱን በአሴቶን አንሱ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እየቀየራችሁ። አንድ ጨርቅ ይዞ ሙሉ ቢም የሚጠርግ ሰው ቅባቱን እያካፈለ ነው። ከሳንድብላስት በፊት ነው የምላችሁ፤ ቅባት ያለበት ብረት ላይ ሳንድብላስት ከተሠራ ቅባቱ ወደ ሻካራው ውስጥ ይቀጠቀጣል። ጨው ያለበት አካባቢ ከሆነ አስቀድሞ በንጹህ ውሃ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ከዚያ ሳንድብላስት፣ ቢያንስ ኤስኤ 2½ በሚባለው የብረት ንጽህና ደረጃ። አቧራውን በቫክዩም አንሱት። በአፍ እፍ አትበሉ። በእጅ አትንኩ። ጓንቱም ንጹህ ይሁን፤ ቅድም ግራይንደር የያዘ ጓንት ጓንት አይደለም። ደግሞም በዚያው ቀን፣ በሰዓታት ውስጥ ፕራይመሩን (የመጀመሪያውን ቅብ) ወይም ኤፖክሲውን ቀቡ። "ነገ ጠዋት እንለጥፋለን" ማለት ሌሊቱን ጤዛ ይጠጣ ማለት ነው። የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። መለኪያው ትንሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፣ ግን ማንም አይዘውም።

ውሃ ጠብ አድርጎ የመፈተን ልማድ ጥሩ ነው። ውሃው ከተዘረጋ ንጹህ ነው፣ ከተንከባለለ ቅባት አለ። የምትለጥፉበት ቦታ ላይ ግን አትሞክሩት። ሳንድብላስት የነካው ብረት ዓይናችሁ እያየ ይዝጋል። ጎኑ ላይ ይሁን።

ምልክት፦ ኤፖክሲው ከፕሌቱ ጋር ሳይሆን ከብረቱ ጋር ቀርቷል፣ ፕሌቱ ንጹህ ነው

ብዙ ፕሌቶች ከፋብሪካ ሲመጡ ላያቸው ላይ የሚላጥ ስስ ጨርቅ አላቸው። ሳይላጥ ተለጥፏል። ሳቁ፣ ግን አንድ ሙሉ ድልድይ ላይ አይቼዋለሁ። ጨርቅ የሌለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ አሻክሩና፣ ነጭ ጨርቅ ጥቁር መያዝ እስኪተው በአሴቶን ጥረጉ። የካርቦን ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ማሽንና ማከፋፈያ ሳጥን አጠገብ አትቁረጡ። ማስክም አድርጉ።

ምልክት፦ ከጫፉ ተነስቷል

ፕሌት ብዙውን ጊዜ መላቀቅ የሚጀምረው ከጫፍ ነው። ኃይሉ ከብረት ወደ ካርቦን የሚሻገረው እዚያ ነውና። ጫፉን እንደ ጥፍር አቅጥናችሁ ሞርዱት፣ ስትጫኑ የሚወጣውንም ኤፖክሲ አትጥረጉት። እሱ ተዳፋት ሆኖ ጫፉን ይይዛል። "ለመልክ" ብሎ በስፓቹላ የሚያነሳ ሠራተኛ አለኝ፣ አሥር ጊዜ ነግሬዋለሁ። ከስንጥቁ እስከ ጫፉ ያለው ርዝመትም በስሌት እንጂ በተረፈው ፕሌት ልክ አይወሰን።

ሙቀቱም አለ። አንድ ሜትር ብረት በ40 ዲግሪ ልዩነት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ካርቦኑ በፋይበሩ አቅጣጫ ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ልዩነቱን በየቀኑ የሚሸከመው ኤፖክሲው ነው።

ምልክት፦ ጠዋት ጠንካራ ነው፣ ከሰዓት ይንሸራተታል

በተራ የአየር ሙቀት የሚደርቅ ኤፖክሲ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ብረት እዚያ ይደርሳል። መረጃ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታዩ አትግዙ፣ ከለጠፋችሁም በኋላ ነጭ ቀለም ቀቡ። ወረቀቱ በሚፈቅደው መጠን አሙቆ ማድረቅም ይረዳል።

ምልክት፦ ፕሌቱ ተጣብቋል፣ ስንጥቁ ግን ይሄዳል

መጀመሪያ ከመለጠፋችሁ በፊት በስንጥቁ ጫፍ ላይ የበሳችሁትን ቀዳዳ ጠርጥሩ። የስንጥቁን ሹል ጫፍ ለማጥፋት በትራፓኖ ስትበሱ ጫፉን ስታችሁት ይሆናል። እውነተኛው ጫፍ ዓይን ካየው አልፎ ነው ያለው። ከበሳችሁ በኋላ ቀዳዳው ወዲያ ማዶ ስንጥቅ እንደሌለ እንደገና መርምሩ፣ ከዚያ ግድግዳውን አለስልሱ።

ቀጥሎ የፕሌቱ ስስነት። 1.4 ሚሊሜትር የሆነ ተራ ፕሌት 12 ሚሊሜትር ብረት ላይ፣ ስፋታቸው እኩል ቢሆን እንኳ፣ ከብረቱ ግትርነት 10 በመቶ አይሞላም። ወይ ደርቡ፣ ወይ ይበልጥ ግትር የሆነውን ዓይነት ተጠቀሙ፣ ወይ ተወጥሮ የሚታሰረውን። የተወጠረው ስንጥቁን ገፍቶ ይዘጋዋል፣ ከሁሉ ይሻላል፣ ግን ማሰሪያውን የሚሠራ ሰው ይጠይቃል። ስስ ብረት ላይ በአንድ ወገን ብቻ ከለጠፋችሁ ደግሞ ብረቱ ወደ ጎን ይጎብጥና ስንጥቁ ባልተለጠፈበት ፊት ይሮጣል።

ብረቱ በየዙሩ ወደ ጎን የሚታጠፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ ማጠናከሪያው ከቢሙ ፍላንጅ (ከላይና ከታች ካለው ጠፍጣፋ ክንፍ) ጋር ሳይያያዝ የቆመበት ክፍተት ላይ፣ ካርቦን አታባክኑ። ግንኙነቱ ነው የሚስተካከለው።

ምልክት፦ ከፕሌቱ ዙሪያ ዝገት ይፈሳል

ካርቦን ብረትን በቀጥታ ነክቶ እርጥበት ካገኘ ብረቱን ይበላዋል። በመካከል አንድ የመስታወት ፋይበር ንጣፍ አስገቡ፣ ጠርዙን ዝጉ።

በየጉብኝቱ በሳንቲም አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሰጠው ቦታ ተላቅቋል። ፕሌት ስንጥቁን ይደብቃል። ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት የጫፉን ቦታ በልኬት መዝግቡ፣ ጎኑ ላይ ባለው ቀለም ላይም ምልክቱንና ቀኑን ጻፉ። ከኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ስንጥቁን ፍለጋ ፕሌቱን እንዳይልጠው።