ለለጋሾች በሚቀርብ ማመልከቻ ውስጥ ለዓላማው ያለንን ፍቅር እንዴት እናሳይ?

የለጋሽ ድርጅቶች ገምጋሚዎች በአንድ ዙር ብዙ የፕሮጀክት ሐሳቦችን ስለሚያነቡ፣ ለዓላማው ከልቡ የቆመ ሰው የጻፈውን ከሌላ ማመልከቻ ከተገለበጠው ለመለየት እምብዛም አይቸገሩም። ይሁን እንጂ «ለሥራው ከፍተኛ ፍቅር አለን» ብሎ መጻፍ ብቻውን የሚያስረዳው ነገር የለም፤ ፍቅሩ የሚታወቀው ችግሩን በቅርበት በማወቅ ነው። «የንጹሕ ውኃ እጥረት አለ» ከማለት ይልቅ፣ አንዲት ተማሪ ጎሕ ሳይቀድ ጀሪካን ይዛ ወጥታ ትምህርት ቤት የምትደርሰው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካለቀ በኋላ መሆኑን መግለጽ፣ በዚሁ ምክንያት የሚያረፍዱትንም ተማሪዎች ብዛት ከመምህሩ የስም መጥሪያ አውጥቶ ማሳየት እጅግ ይበልጣል። ታሪኩን ለመጠቀም ግን የልጅቷንና የወላጆቿን ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ሰውን አንጀት ለመብላት ብቻ ማቅረብ ክብሩን መንካት ነውና።

ስሜት በጀትን አይተካም። እያንዳንዱ ወጪ ከአንድ ተግባር ጋር ካልተያያዘና ድምሩ ካልገጠመ፣ የጋለው መግቢያ ራሱ ጥርጣሬ ያስነሳል። ሥራው ከለጋሹ የትኩረት መስክ ውጭ ከሆነም፣ የቱንም ያህል ቢወደድ ሌላ ለጋሽ መፈለግ ይሻላል።

የቃል ማብራሪያ ሲጠየቅ፣ ከኃላፊው ጎን ችግሩን በየዕለቱ የሚያየው የመስክ ሠራተኛ ቢቀመጥ እመክራለሁ፤ ለከባድ ጥያቄ ከወረቀት ሳያነብ፣ ያልተሳካውንም ሳይደብቅ የሚመልስ እርሱ ነው። ማመልከቻው ውድቅ ከተደረገ ምክንያቱን በአክብሮት ጠይቆ፣ አሻሽሎ በሚቀጥለው ዙር ማቅረብ ይገባል።