እንሰት ሲነኳት መብራት እንድታበራ ማድረግ

ሐዋሳ ግቢያችን ውስጥ ያለችው እንሰት አሁን ኤልኢዲ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መብራት) ታበራለች። ቀልድ አይደለም። ተክሎችም በሰውነታቸው ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት ያስተላልፋሉ። ግን የሚሊቮልት ጉዳይ ነው፣ ምልክቱን አንብቦ መብራቱን የሚያዘው አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ) ደግሞ ወደ 5 ሚሊቮልት ከማይደርስ ለውጥ ጋር አይተዋወቅም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ማጉላት አለብህ።

እኔ ኤዲ620 (AD620) የሚባለውን ማጉያ ቺፕ ተጠቀምኩ። 1ኛና 8ኛ እግሩ መካከል 499 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ካስገባህ 100 ጊዜ ያጎላል። ለልብ ምርመራ ደረት ላይ የሚለጠፉትን ኤሌክትሮዶች አንዱን ቅጠሉ ላይ፣ ሌላውን ግንዱ ላይ ለጥፍ፤ ሽቦዎቻቸው ወደ ቺፑ መግቢያዎች፣ የቺፑ መውጫ ደግሞ ወደ አርዱይኖው ይሄዳል። ቅጠሉን ግን ቀድመህ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገውና አድርቀው፣ አለዚያ ይንሸራተታል። ከአርዱይኖው 5 ቮልት በሁለት እኩል ሬዚስተሮች 2.5 ቮልት አውጣና ከቺፑ 5ኛ እግር እንዲሁም አፈር ውስጥ ከተከልከው ሚስማር ጋር አገናኝ። ይህን ከዘለልክ አርዱይኖው የሚያነበው ቁጥር አንድ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ኮዱ ቀላል ነው፦ ሳትነካት ያለውን አማካይ ያዝ፣ የሚነበበው ቁጥር ከዚያ በ60 ሲርቅ መብራቱን አብራ።

ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀል! እኔ ሁለት ቀን ሙሉ «እንሰቷ አወራች» እያልኩ የፈነደቅኩት ለካ ከግድግዳው ሶኬት በሚመጣው የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ረብሻ ነው።

በእጅህ ስትነካት የሚዘለውም ቁጥር በአብዛኛው የራስህ ሰውነት የተሸከመው ነው፣ ለመብራቱ ግን ይበቃል። የእሷን የራሷን ማየት ካማረህ የቅጠሉን ጫፍ በክብሪት ለብለብ አድርገህ ጠብቅ፤ መስመሩ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። እናቴ ግን ይህን ከልክላኛለች፣ ቆጮ የሚሆን ተክል ላይ እሳት ምን ይሠራል ብላ።