የከተማ በጀት ከመጽደቁ በፊት ምን ይመርመር? ለምክር ቤት አባላት የቀረበ መመሪያ

የበጀት ረቂቅ ሲቀርብልዎ ከጠቅላላ ድምሩ በፊት መደበኛ ወጪው (የየዕለቱ ሥራ ማስኬጃ) ከካፒታል ወጪው (ለግንባታና ለመሰል ዘላቂ ሥራ ከሚውለው) በግልጽ ተለይቶ መቅረቡን ይመርምሩ። ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ጥገናና ጡረታ በየዓመቱ የሚመላለሱ ስለሆኑ በየዓመቱ በሚሰበሰብ ገቢ መሸፈን አለባቸው፤ ብድር ሊፈቀድ የሚገባው እንደ ውኃ መስመርና ድልድይ ላለ ለብዙ ዓመታት ለሚያገለግል ሥራ ነው፤ ያውም የመክፈያው ጊዜ ከአገልግሎት ዘመኑ ካልረዘመ። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1975 ከኪሳራ አፋፍ የደረሰችው ይህን ወሰን በማፍረሷ ነው፤ መደበኛ ወጪዎችን በካፒታል በጀት ውስጥ እያስገባች ጉድለቷን በአጭር ጊዜ ብድር ስትሸፍን ከቆየች በኋላ አበዳሪዎች ፊታቸውን ሲያዞሩባት፣ የገንዘብ ውሳኔዋ የግዛቱ መንግሥት ባቋቋመው የቁጥጥር ቦርድ ሥር ወደቀ።

አዲስ ፕሮጀክት ሲቀርብ የግንባታውን ዋጋ ብቻ ሰምተው እጅዎን አያውጡ። ተቋሙ ከተመረቀ በኋላ ስንት ሠራተኛ፣ ምን ያህል የመብራትና የጥገና ወጪ በየዓመቱ እንደሚጠይቅ፣ ያንንም የሚሸፍነው ገቢ ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ። የቁጠባ እውነተኛ ፈተና እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያልተጀመረን ሥራ መተው የሚቻል ሲሆን፣ የተከፈተን ተቋም መዝጋትና የተቀጠረን ሰው ማሰናበት ግን ሰው የሚጎዳበት ውሳኔ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካዋ ከተማ ዲትሮይት 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ይዛ የኪሳራ ጥያቄ ለፍርድ ቤት ስታቀርብ፣ ከዕዳው ትልቁን ድርሻ የያዙት ለጡረተኞች የተገቡ የጡረታና የሕክምና ግዴታዎች ነበሩ፤ ጡረታቸው የተቀነሰባቸው ሠራተኞች ደግሞ በጀቱን ያጸደቁት ሰዎች አልነበሩም።

አስተዳደሩ ሥራውን ራሱ መሥራት አለበት ወይስ ነዋሪው፣ ማኅበራት ወይም የግል ድርጅቶች ሊሠሩት ይችላሉ የሚለውም መጠየቅ አለበት።

በግብር ላይ ጣሪያ የምታስቀምጡ ከሆነ የአገልግሎት ክፍያንም አብራችሁ ገድቡ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1978 በሕዝበ ውሳኔ የንብረት ግብር ከንብረቱ የተገመተ ዋጋ 1 በመቶ እንዳይበልጥ ከወሰነች በኋላ፣ ብዙ ከተሞች የጎደለባቸውን በልዩ ልዩ ክፍያዎች ለማካካስ ሞክረዋል። ከመሬት ወይም ከሕንፃ ሽያጭ የተገኘ ገንዘብ ለደመወዝ ጭማሪ እንዳይውል፣ ይልቁንም ለዕዳ መክፈያ ወይም ለመጠባበቂያ እንዲሆን በከተማው ደንብ ውስጥ ይጻፍ፤ መጠባበቂያውም በምን ዓይነት ችግር ጊዜ፣ በስንት ድምፅ እንደሚነካ ከወዲሁ ይወሰን።