ውድ የካምፒንግ ቢላ አልቆርጥ ሲል፦ ለሻጩ ከመመለሳችሁ በፊት እንዴት ፈትሻችሁ እንደምትስሉት

200 ዶላር የወጣበት ቢላ ቲማቲም ሲጨፈልቅ ያናድዳል። በተለይ ከ20 ዶላር ብዙ የማይርቀው የስዊድኑ ሞራ ቢላ ከካርቶኑ እንደወጣ ወረቀት ሲሰነጥቅ አይታችሁ ከሆነ። ግን ውድ ቢላ ላይ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሄደው ለብረቱ፣ ለእጀታውና ለስሙ ነው። ስለቱን ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ቶሎ ቶሎ አውጥተውት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም የማሽኑ ሙቀት የስለቱን ጠርዝ ያለሰልሰዋል። ያ ጠርዝ ተስሎ ካላለቀ የብረቱን ትክክለኛ ጥራት አታዩትም።

1. መጀመሪያ ድንጋይ አታስነኩት። አንዴ ከተሳለ ሻጩ አልቀበልም ሊል ይችላል። አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ከጫፉ ወደ እጀታው እዩ። ከተጣመመ፣ እጀታው ከተነቃነቀ፣ ወይም የስለቱ መስመር ባንዱ ጎን ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ ፎቶ አንስቶ መመለስ ነው።

2. የብረቱን ስም ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ቢላው ላይ ተጽፏል። 1095 የሚባለው የካርቦን ብረት ከሆነ ቶሎ ይሳላል፣ እርጥብ ካደረ ግን ይዝጋል። ያ የብረቱ ጠባይ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ኤስ30ቪ (S30V) የሚባለው ጠንካራ ብረት ከሆነ ስለቱን ብዙ ጊዜ ይይዛል፣ ለመሳል ግን ያስለቅሳል። የአልማዝ መሳያ ግዙለት። በዓል ሲደርስ ሁለት ቢላ እንደማፋተግ ወይም የስኒ ቂጥ ላይ እንደመሳል ያለው ዘዴ ለወጥ ቤት ይበቃል፣ እዚህ ግን ጭረት ሊተርፋችሁ ይችላል። የኤሌክትሪክ ድንጋይ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ጓደኛዬ ሞክሮት ጠርዙ ሰማያዊ ሆነ። ያ ቀለም ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱንና መለስለሱን ነው የሚናገረው።

3. አሁን መሳል። ሰው ሁሉ የሚሸነፈው እዚህ ነው።

የስለቱን ጠርዝ በሁለቱም ጎን በፓርከር አጥቁሩት። ቁጥር 400 ድንጋይ ላይ (ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይለሰልሳል) በ20 ዲግሪ ግድም አጋድማችሁ ሁለት ሦስቴ ግፉና እዩ። ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም። ቢላው 3 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ጀርባውን ከድንጋዩ 1 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ይበቃል። ቀለሙ ከላይ፣ ወደ ጀርባው በኩል ብቻ ከለቀቀ ጀርባው ዝቅ ብሏል፣ ከፍ አድርጉት። የሚቆርጠው ዳር ላይ ብቻ ከለቀቀ ከፍታው በዝቷል።

ከዚያ አንዱን ጎን ብቻ ሳሉ። እስከ መቼ? ብረቱ ወደ ማዶ ታጥፎ ቀጭን ሻካራ ክር እስኪያወጣ። በማዶው ጎን አውራ ጣታችሁን ከጀርባው ወደ ስለቱ አሻግራችሁ ስትስቡ ይያዛችኋል። በስለቱ ርዝመት ግን እንዳታስኬዱት፣ ይቆርጣችኋል። ክሩ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ካልወጣ ጎን አትቀይሩ። "ሰዓት ሙሉ ስዬ አልቆረጠም" የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ የቸኮለ ነው። ሲወጣ በሌላው ጎን ድገሙት፣ ከዚያ በቁጥር 1000 ድንጋይ እጃችሁን እያቀለላችሁ ጎን እያፈራረቁ ክሩን አጥፉት።

4. የቆዳ ቀበቶ ላይ ጀርባውን አስቀድማችሁ ጥቂት ጊዜ ሳቡት።

5. ደረቅ እንጨት ጥረቡበትና ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራት ሥር ያዙት። የተሳለ ጠርዝ አያብለጨልጭም። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለ እዚያ ጋ ታጥፏል ወይም ተሸርፏል። ከተሸረፈ በ25 ዲግሪ ሳሉትና ሞክሩ። ሁለት ሦስቴ ተስሎም እንጨት ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ፋብሪካ ውስጥ ብረቱ በደንብ አልጠነከረም፣ ስለት ማውጣት አያድነውም። የዋስትና ደብዳቤ የሚጻፈው ያኔ ነው። የብረቱን ስም፣ የሳላችሁበትን ማዕዘን፣ የቆረጣችሁትን እንጨትና የታጠፈውን ቦታ በቅርብ የተነሳ ፎቶ አያይዙ። "ጥራት የለውም" ብቻ ብላችሁ ከላካችሁ "አሳሳልዎ ነው" ብለው ይመልሱላችኋል።