ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ የስፖርት መኪና ሞተር እንዴት ይመረመራል?

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ብቻውን ብዙ አይናገርም። 200,000 ሄዶ ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት ሞተር፣ 80,000 ላይ ሳይሞቅ እየተረገጠ ከተነዳው ሊሻል ይችላል። እውነቱን የሚያወጣው የኮምፕሬሽን ልኬት፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚፈጥረውን ግፊት መለካት ነው።

ሞተሩን አሙቃችሁ አጥፉ። የነዳጅና የእሳት መስመሩን አቋርጡና ካንዴላዎቹን በሙሉ ፍቱ፤ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) አሉሚኒየም ከሆነ በኃይል አትፍቱ፣ ጥርሱ ይላጣል። የግፊት መለኪያውን በየተራ በእያንዳንዱ የካንዴላ ቀዳዳ ላይ አስራችሁ፣ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ፣ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ድረስ ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ምት ይበቃል። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ካለፈ፣ ደካማው ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙ። ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩን፣ ጎረቤታም ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ጠርጥሩ። ሲሊንደሮቹ በጎን በተኙበት ሞተር ግን ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚወርድ ይህ ዘዴ አያስተማምንም።

ከዚያ የዘይት ፊልትሮውን ቆርጣችሁ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ዘርጉት። ማግኔት የማይስበው የሚያብለጨልጭ ብናኝ ብዙ ጊዜ የብሮንዚና (ኮሎው የሚዞርበት ተንሸራታች ማቀፊያ) ነው፤ እንዲህ ያለውን መኪና አትግዙ። 996 በተባለው የፖርሽ 911 ትውልድ አብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ይህ ፍተሻ አይዘለልም፤ የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ሲሰበር ሞተሩን ይዞት ይሄዳል።

የራዲያተር ጎማዎችንና የፍሬን ዘይቱን ዕድሜ ሳታረጋግጡ አትንዱ።